ግቢያችን በሳሎኔ ጥግ

እንግዳ መቀበል ቀላል ነገር አይደለም። ቤት ይጠረጋል፣ የተደበቀው ብርጭቆ ከቁም ሣጥን ይወጣል፣ ከጎረቤት ወንበር ይለመናል፣ ልጆች እንግዳ ፊት ምን እንደማይባል ይመከራሉ። እንግዳው ጠግቦና መርቆ ከሄደ በኋላ ደግሞ ባልና ሚስት "ምነው አፍህ ተለጎመ?"፣ "አንቺስ ምነው ወሬውን ብቻሽን ያዝሽው?" እየተባባሉ ግማሽ ሳምንት ይኮራረፋሉ። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ የማወራችሁ ግን ስለ ሌላ ዓይነት እንግዳ ነው፤ ምንጣፍ ሳይረግጥ፣ ውኃ እንኳ ሳይጠይቅ ሳሎን ሞልቶ ስለሚውል እንግዳ። የእኔ ቤት እንዲህ ያለ እንግዳ ሲያስተናግድ ከርሟል። ባለቤቴ ገነት "የማይታየው ድግስ" ትለዋለች። የማይታይ ይሁን እንጂ ይሰማል። ቴሌቪዥኑ አጠገብ የተቀመጠው አሮጌ ኮምፒውተር ማራገቢያው ሲነሳ ወፍጮ ቤት የገባችሁ ነው የሚመስላችሁ።

ከመነሻው ልጀምር። አራት ኪሎ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ባለሙያ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ማተሚያው ወረቀት ሲጎርስ የምጠራ፣ "አጥፍተው ያብሩት" የሚለውን ምክር እንደ ሰውየው ማዕረግ በተለያየ የፊት ገጽታ የምሰጥ ሰው ነኝ። የምኖረው ጊዮርጊስ አጠገብ፣ በገነት ቤተሰቦች ቤት ነው። ያደግኩት ግን ከዚያ ትንሽ ወረድ ብሎ ፒያሳ፣ አንድ ጥንታዊ ደርብ ቤት ያለበት ግቢ ውስጥ ነው። ደርቡ በድሮ ጊዜ የአንድ ሀብታም ነጋዴ መኖሪያ ነበር ይባላል። እኛ ስንደርስበት ግን ተሸንሽኖ፣ በረንዳው መኝታ ቤት፣ የፈረስ ጋጣው ኩሽና ሆኖ፣ ብዙ ቤተሰብ ይኖርበት ነበር። አንድ በር፣ አንድ የውኃ ቧንቧ፣ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ። እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ ምስጢር የሚባል ነገር የለም። የአንዱ ቤት በርበሬ ሲቁላላ ሁሉም ቤት ያስነጥሳል።

ከዚያ ሰፈሩ ተነሣ። ይህን ታሪክ እናንተም ታውቁታላችሁና አላረዝመውም። ግቢው የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ አበባና መብራት አለ። ያምራል፣ አያምርም አልልም። ሰዉ ግን በከተማው ዳርቻ ሁሉ ተበተነ። እስከ መጨረሻው ቀን ግቢው ውስጥ የነበረችው ታናሽ እህቴ ሮማን፣ ከተማው አልቆ እርሻ በሚጀምርበት አፋፍ ላይ ከተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች አንዱ ደረሳት።

ሮማን ጸጉር ሠሪ ናት። ፒያሳ ሳለች የሰፈሩ ወሬ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በቢጎዲን ተጠቅልሎ የሚወጣው ከእሷ ቤት ነበር። አዲሱ ቤቷ ንጹሕ ነው፤ ውኃው እቤት ድረስ ይመጣል፤ የራሷ መታጠቢያ አላት። ሰው ግን የለም። ማለቴ ሰው አለ፤ በሩን ዘግቶ ነው ያለው። ስደውልላት "ዛሬ ማንን አገኘሽ?" እላታለሁ።

"ጥበቃውን" ትለኛለች።

በማግሥቱም ጥበቃውን ነው። ያቺ አፏ የማያርፍ ልጅ ቀስ በቀስ ቃል እየቆጠበች መጣች፤ ሰው ደግሞ ሲናገር ከሚያሳስበው በላይ ሲተው ነው የሚያሳስበው።

ያን ሰሞን በስልኳ ጨዋታ ጀመረች። ዓለም ሁሉ በኩብ የተሠራበት ጨዋታ ነው። አፈሩ ኩብ፣ ዛፉ ኩብ፣ በጉ ሳይቀር ኩብ። ተጫዋቹ ድንጋይ ይፈልጣል፣ እንጨት ይቆርጣል፣ አንዱን ኩብ በሌላው ላይ እየደረደረ ያሻውን ይገነባል። ከሌሎች ሰዎች ጋር በአንድ ዓለም ውስጥ ለመጫወት ግን ያ ዓለም የሚቀመጥበት፣ ሁሉም በኢንተርኔት የሚገባበት አንድ ኮምፒውተር ያስፈልጋል። እኛ ሰርቨር እንለዋለን። ሮማን አንድ የማታውቀው የባሕር ማዶ ሰው ለማንም ክፍት አድርጎ የተወው ሰርቨር ላይ ገብታ፣ ለሳምንታት ለፍታ ባለ በረንዳ ቤት ሠራች። አንድ ቅዳሜ ስትገባ አመድ ሆኖ ጠበቃት። ማን እንዳቃጠለው አይታወቅም። እንዲያው ለመዝናናት ነው ያቃጠለው።

ደወለችልኝ። አላለቀሰችም።

"ዳዊት፣ ዘንድሮ ሁለተኛ ቤቴ ፈረሰ" አለችና ሳቀች።

ሳቋን አልወደድኩትም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ሲጠጣ የኖረውን አሮጌ ኮምፒውተሬን አወረድኩና በሸሚዜ እጅጌ ጠረግኩት። ለእህቴ ከተማ ውስጥ ቤት ልሠራላት አልችልም። ማንም የማያቃጥልባት ባዶ ሜዳ ግን ልሰጣት እችላለሁ ብዬ አሰብኩ።

ሥራው ከውጭ ሲታይ ቀላል ነው። ፕሮግራሙን ትጭናላችሁ፣ ታስነሱታላችሁ፣ አለቀ። ከውስጥ ሲታይ ግን አንዱ ሲነሳ ሌላው የሚተኛበት ነገር ነው። ፕሮግራሙ ሲነሳ ኮምፒውተሩ ይሞቃል፤ ኮምፒውተሩ ሲበርድ ኢንተርኔቱ ይሄዳል፤ ኢንተርኔቱ ሲመጣ መብራት ይጠፋል። ባትሪ ገዝቼ አጠገቡ አስቀመጥኩ። ቤት ውስጥ ያለችው ትንሿ የኢንተርኔት ሳጥን ደግሞ ከውጭ የሚመጣን ማንኛውንም ሰው እንዳታስገባ ተደርጋ ነው የተሠራችው፤ ለሮማን ብዬ መግቢያ ልከፍትላት ጎንበስ ብዬ ስታገል ገነት ከኋላዬ ቆማ ኖሯል።

"ምን እያደረግክ ነው?"

"በር እየከፈትኩ።"

"የምን በር?"

"የኢንተርኔቱን። ሮማን ካለችበት ሆና እንድትገባ።"

"ሮማን ትግባ። ሌላውስ ሰው?"

"እኔ ስሙን ያልፈቀድኩለት አይገባም።"

ገነት ሳጥኗንም እኔንም አየችን። "እንግዲህ ይህን ሁሉ ዓመት ተምረህ ዘበኛ ሆንክ" ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ሮማን የገባች ቀን ስክሪኑ ፊት ተቀምጬ ነበር። ባዶ አረንጓዴ ሜዳ መሐል አንዲት ማዕዘን ማዕዘን የሆነች ትንሽ ሴት ብቅ አለች፤ ግራና ቀኝ ዞር ዞር ብላ አየች። በስልኩ ድምፅዋ መጣ።

"እዚህ ማንም የለም?"

"እኔ አለሁ።"

"የሚያቃጥል ሰው የለም?"

"የለም። በሩ ላይ እኔ ነኝ ያለሁት።"

ከዚያ ትንሿ ሴት ጎንበስ ብላ አፈር መቆፈር ጀመረች።

መጀመሪያ የሠራችው ቤት አልነበረም፤ በር ነበር። የግቢያችንን የውጭ በር፣ ያንን አንዱ ክንፉ አልዘጋ ብሎ በድንጋይ ተደግፎ የኖረውን፣ ድንጋዩ ሳይቀር ሠርታ ፎቶውን የድሮ ጎረቤቶቻችን የስልክ ግሩፕ ላይ ለጠፈችው። ይህ ግሩፕ ከበዓል መልካም ምኞትና ከለቅሶ መርዶ በስተቀር ብዙም ነገር የማይወጣበት ነበር። በዚያ ቀን ግን ስልኬ እጄ ላይ አላርፍ አለ። "ይሄማ በራችን ነው" አለ አንዱ። "ድንጋዩን አየኸው?" አለ ሌላው። ወዲያው ደግሞ "የእኔስ ቤት የታለ?" የሚል ጥያቄ መጣ፤ እሱን ተከትሎ ሁሉም ለየራሱ ቤት መብት ጠየቀ። እንዲህ ሆኖ ነው እንግዳው ሳሎኔን የሞላው።

ከመጡት መሐል ስለ ሁለቱ ልንገራችሁ። አንደኛዋ እትዬ ጽጌ ናቸው። በሥራ ዘመናቸው የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ፤ የከተማውን ሰው በገመድ ሲያገናኙ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ባላቸው ጋሽ ጌታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት። ሰርቨር ምን እንደሆነ ሳስረዳቸው ደከመኝ ሳይሉ ሰምተው "ማዞሪያ ነዋ" አሉኝ። ሁለተኛው ጋሽ ሸረፋ ናቸው። ፒያሳ የብርድ ልብስ ሱቅ ነበራቸው፤ ሰፈሩ ሲነሳ ሱቁንም ዘጉ፤ አሁን ከባለቤታቸው ጋር ከእትዬ ጽጌ ተቃራኒ በሆነው የከተማው ጫፍ ይኖራሉ። ሁለቱ በግቢያችን የግድግዳ ጎረቤት ነበሩ። በፆሙ በረመዳኑ ሲጠባበቁ፣ በዒዱ በፋሲካው ሲጠራሩ፣ አንተ አንቺ እየተባባሉ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ናቸው። ጋሽ ሸረፋ አውራ ጣታቸው ወፍራም በመሆኑ አንድ ኩብ ሊያስቀምጡ ሦስት ያስቀምጣሉ፤ ግን ታጋሽ ናቸው። ነጋዴ አይደሉ?

ግቢው ቆመ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ደርቡ፣ ደረጃው፣ ቧንቧው፣ ገመዱ ሁሉ። ሰዎች ካሉበት ሆነው እሑድ ከሰዓት ይገቡና ቧንቧው አጠገብ ይቆማሉ። ውኃ ሊቀዱ አይደለም። ዝም ብለው ሊቆሙ ነው። ሮማን ቃል መቆጠብ ተወች፤ እንዲያውም ስትደውል እኔ ነኝ ለመዝጋት ሰበብ የምፈልገው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ የማልኮራበትን ነገር ማንሳት ግድ ይለኛል። የሰርቨር ባለቤት በዓለሙ ውስጥ ልዩ ሥልጣን አለው። ሌላው ሰው በእግሩ ሲሄድ እሱ ይበራል፤ ሌላው ድንጋይ ሲፈልጥ እሱ በአንድ ቃል ተራራ ያነሳል። መጀመሪያ ላይ በትሕትና ነበር የያዝኩት። ከዚያ ግን ሰዎች "ዳዊት፣ እባክህ ጓሮዬን አስፋልኝ"፣ "ዳዊት፣ እዚህ ጋ ጎተራ ብሠራ ትፈቅዳለህ?" እያሉ ሲደውሉ፣ "እስቲ አይቼው" ማለት ለመድኩ። ቀጥዬ "ሰኞ ይደውሉልኝ" ማለት መጣ። አንድ ቀን ራሴን "ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው" ስል ሰማሁት። መሥሪያ ቤት ውስጥ ይህን ሁሉ ዓመት ያላገኘሁትን ማዕረግ ሳሎኔ ውስጥ አገኘሁት፤ ለካ ሰው ባለሥልጣን ለመሆን ወንበር እንኳ አያስፈልገውም።

እንዲህ ተኮፍሼ ባለሁበት ሰሞን ነው ሰሌዳው የቆመው።

ጋሽ ሸረፋ ኩሽናቸውን ድሮ እንደነበረው አድርገው ሠርተው ጨርሰዋል። በማግሥቱ ግድግዳው ፊት ለፊት አንዲት የእንጨት ሰሌዳ ተተክላ ተገኘች። "ግድግዳዎ ወደ እኔ ገብቷል። ጽጌ" ትላለች።

ጋሽ ሸረፋ ወዲያው ደወሉልኝ።

"አንተ ልጅ፣ አየኸው?"

"አየሁት ጋሼ። ስለ ግድግዳው..."

"ግድግዳውን ተወው። ግድግዳ*ዎ* ነው ያለችኝ። ግድግዳህ ብትለኝ እኮ ተነጋግረን እንጨርስ ነበር። እኔን? ሸረፋን? እርስዎ?"

እኛ ዘንድ "እርስዎ" የአክብሮት ቃል ነው፤ አንተ ሲልህ የኖረ ሰው በድንገት እርስዎ ካለህ ግን ምን ማለት እንደሆነ ልነግራችሁ አያስፈልገኝም። ስድብ ቢሆን ይሻል ነበር።

"አጣርቼ እመለሳለሁ" አልኳቸው፤ እንደ ልማዴ። ወደ ላይ በርሬ ከሰማይ ተመለከትኩት። እውነትም ጋሽ ሸረፋ ድሮ ኩሽናቸውን ሲያድሱ ግድግዳውን ወደ እትዬ ጽጌ በኩል አንድ ክንድ ገፋ አድርገውት እንደነበር ትዝ አለኝ፤ ያን ጊዜ ማንም ምንም አላለም። ችግሩ ጨዋታው ክንድ የሚባል ነገር አያውቅም። ትንሹ መለኪያው አንድ ኩብ ነው፤ አንድ ኩብ ደግሞ የአንድ ሜትር ያህል ይሆናል። ግድግዳው ወደዚህ ቢመጣ እትዬ ጽጌ ይበደላሉ፤ ወደዚያ ቢሄድ ጋሽ ሸረፋ። መካከል የለም። እና የሁለቱ መሬት ዛሬ የት እንዳለ ደግሞ ታውቃላችሁ፤ ሰዎች ስልካቸውን እያዩ የሚያልፉበት የእግረኛ መንገድ ሥር ነው።

እኔ ሳጣራ ነገሩ አልጠበቀኝም። እትዬ ጽጌ ገብተው ግድግዳውን አፈረሱት። ጋሽ ሸረፋ ገብተው በዚያ ጨዋታ ውስጥ ከሁሉ በሚጠነክረው ጥቁር ድንጋይ መልሰው ገነቡት። ያን ድንጋይ መስበር ብዙ ጊዜ ይፈጃል፤ እትዬ ጽጌም አልደከሙበትም። ዶሮ ለቀቁበት። ዶሮ በጨዋታው ውስጥ እህል ካገኘ ይፈለፍላል፣ የተፈለፈለውም ይፈለፍላል። የኩሽናው ጓሮ በአንድ ከሰዓት በዶሮ ተሞላ፤ ዶሮዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ቆሙ፤ ሳሎኔ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር የእያንዳንዱን ዶሮ እያንዳንዷን እርምጃ ሊያስብ ሲሞክር ማራገቢያው ጮኸ፣ ጮኸና ዝም አለ። ገነት "ተገላገልን" አለች። የጎረቤቶቻችን ስልክ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ እኔ ጮኸ።

ኮምፒውተሩን አቀዝቅዤ አስነሳሁት። ደግነቱ የዓለሙን ቅጂ በየጊዜው አስቀምጥ ነበርና፣ አንድ ብልህ የመሰለኝን ነገር አደረግሁ። ዓለሙን ሰሌዳው ከመተከሉ በፊት ወደነበረበት ቀን መለስኩት። ዶሮ የለ፣ ጥቁር ድንጋይ የለ፣ ሰሌዳም የለ። ሁሉ ሰላም። ችግሩ፣ ዓለሙ ወደ ባለፈው ሳምንት ተመለሰ እንጂ ሰዎቹ አልተመለሱም። እትዬ ጽጌ የተናገሩት ነገር እንዳልተነገረ መቆጠሩን ሲያዩ ጨዋታውን ዘግተው ወጡ። ጋሽ ሸረፋ ደግሞ ከጨዋታውም ከጎረቤቶች ግሩፕም ወጡ፤ ግሩፑ ላይ "ሸረፋ ወጥተዋል" የሚለውን አጭር መልእክት ሁላችንም እንደ መርዶ አነበብነው። ለእሳቸው ወግነው ሁለት ቤተሰቦች ተከተሏቸው። ሌሎቹ ለእትዬ ጽጌ ወገኑ። በሚቀጥለው እሑድ ቧንቧው አጠገብ የቆመችው አንዲት ማዕዘን ማዕዘን ሴት ብቻ ነበረች።

"ይሄም ሊፈርስ ነው?" አለችኝ ሮማን በስልክ። ድምፅዋ የዚያ የጥበቃው ሰሞን ድምፅ ነበር።

"አይፈርስም። ቅጂ አለኝ።"

"ዳዊት፣ አንተ ቤቶቹን መለስክ። ሰዎቹን ግን ምን ሆናችሁ ብለህ ጠየቅክ?"

አልጠየቅኩም። በርሬ ነበር ያየሁት።

መፍትሔውን ያመጣችው የማይታየው ድግስ ጠላት የነበረችው ገነት ናት። "በእግራቸው ይምጡና እዚህ ይቀመጡ" አለች ሶፋውን እያሳየች። "ሰው በስልክ ይጣላ ይሆናል፤ በስልክ ግን አይታረቅም።" ለሁለቱም ራሷ ደወለችላቸው። ምን እንዳለቻቸው አላውቅም፤ ለገነት እምቢ ማለት አይቻልም፤ እኔ ሞክሬዋለሁ።

እሑድ ከሰዓት እትዬ ጽጌ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ታክሲ ቀያይረው መጡ። ጋሽ ሸረፋ ደግሞ ከዚያኛው ጫፍ፣ አንድ ትልቅ ሐብሐብ በፌስታል አንጠልጥለው። ሮማንም መጥታለች። አንዱ የሶፋው ጫፍ ላይ፣ ሌላው ሌላኛው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ገነት ሻይና ሳምቡሳ አቀረበች። እኔ የሽምግልና መግቢያ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ "የተከበራችሁ" ብዬ ስጀምር ጋሽ ሸረፋ በእጃቸው ዝም አሰኙኝ።

"ጽጌ፣ እውነቱን ንገሪኝ" አሉ። "ይሄ ሁሉ ስለ አንድ ክንድ መሬት ነው?"

"ስለ መሬቱ አይደለም አቶ ሸረፋ። ስለ ዛፉ ነው።"

"የቱ ዛፍ?"

"ኮኩ። ግድግዳውን ሲገፉ ያስቆረጡት።"

ጋሽ ሸረፋ ግንባራቸውን ሸብሸብ አድርገው አሰቡ። "ያ የደረቀው እንጨት?"

"አልደረቀም ነበር። ቅጠሉን አራግፎ ነው እንጂ፣ ዝናብ ሲያገኝ ያቆጠቁጥ ነበር።" እትዬ ጽጌ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ያዙት። "ጌታቸው ነው የተከለው። ሆስፒታል ሊገባ ሲል። ስመለስ ፍሬውን እበላለሁ ብሎኝ ነበር።"

ጋሽ ጌታቸው አልተመለሱም። ይህን ቤት ውስጥ ያለነው ሁላችንም እናውቃለን። የኮኩን ነገር ግን ማናችንም አናውቅም ነበር፤ ምስጢር አይኖርበትም ባልኳችሁ ግቢ ውስጥ።

ጋሽ ሸረፋ ሳምቡሳውን ወደ ሳህኑ መለሱት።

"ወላሂ አላወቅኩም።"

"አያውቁም።"

"ሲቆርጡት ታዪ ነበር?"

"በመስኮት።"

"ለግንበኞቹ ሻይ አፍልተሽ ልከሽልኝ ነበር እኮ። በዚያው ቀን።"

"ልኬያለሁ።"

"ታዲያ ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?"

እትዬ ጽጌ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋቸው።

"ያኔ ጎረቤቴ ነበርክ" አሉ።

ነበር*ክ*። ሮማን ክንዴን ቆነጠጠችኝ። እርስዎ የቀረው እዚያች ቃል ላይ ነው፤ ጋሽ ሸረፋም ሰምተዋታል፤ ዓይናቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ ጉንፋን እንደያዛቸው ተናገሩ።

ነገሩን አስቡት። ነገ ቧንቧ ላይ ከምታገኘው፣ ልጅህ ሲታመም በሩን ከምታንኳኳበት፣ ስትሞት ድንኳን ከሚተክልልህ ሰው ጋር ስለ አንድ ዛፍ እንዴት ትጣላለህ? ዋጥ ታደርገዋለህ። ሻይ ታፈላለህ። እኛ ይሉኝታ እንለዋለን፤ ብዙ ቤት አቁሟል። ግን የዋጥከው ነገር ሆድህ ውስጥ ተቀምጦ ቀን ይጠብቃል፤ ቤቱ ፈርሶ፣ ጎረቤቱ ተበትኖ፣ ከዚህ በኋላ የሚበላሽ ነገር የለም ያልክ ዕለት ሰሌዳ ሆኖ ይተከላል።

ጋሽ ሸረፋ ስልካቸውን አወጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። "እስቲ አስገባኝ" አሉኝ፤ ከጨዋታው የወጡ ሰው ናቸውና ስማቸውን እንደገና ፈቀድኩላቸው። ሶፋው ላይ ሆነው፣ በዚያ በወፍራም አውራ ጣታቸው፣ ግድግዳቸውን ራሳቸው ማፍረስ ጀመሩ። አንድ ሊያነሱ ሦስት እያነሱ ከኩሽናው ግማሹ ሄደ። እትዬ ጽጌ ከሶፋው ጫፍ ቀስ በቀስ ተጠጉና "እሱን ተው፣ ጣሪያው ይወድቅብሃል" እያሉ በጣታቸው ያሳዩ ጀመር።

ዛፍ መትከሉ ላይ ሌላ ችግር መጣ። ኮክ የሚባል ዛፍ ጨዋታው ውስጥ የለም። ሮማን ያሉትን ችግኞች አንድ በአንድ አሳየቻቸው። ጋሽ ሸረፋ አንዱን ወደዱ፤ እትዬ ጽጌ ሌላውን። ትንሽ ተጨቃጨቁ፤ ደስ የሚል ጭቅጭቅ ነበር። በመጨረሻ የሆነ የፈረንጅ ዛፍ ተተከለና፣ ኮክ ነው ተብሎ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። አድጎ የሁለቱንም ጣሪያ ሸፈነው። ሐብሐቡ ተቆረጠ። ሲመሽ ሁለቱን አንድ ታክሲ ውስጥ አስገባናቸው፤ የሚሄዱት ወደ ተለያየ አቅጣጫ መሆኑ ትዝ ያላቸው ታክሲው ከተነሳ በኋላ ነው አሉ።

ከዚያ በኋላ እኔም ሥልጣኔን ቀነስኩ። መብረር ተውኩ፤ "ሰኞ ይደውሉልኝ"ንም እንዲሁ። ጎረቤቶች ወደ ግሩፑ ተመለሱ፤ ቧንቧው ዙሪያ እንደገና ሰው በዛ። ነገሩ እንዲህ ይቀጥላል ብዬ ሳስብ ግን፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሰዉ እየሳሳ መጣ። አንዱ ቀረ፣ ሌላው ቀረ። የማሽኑ ችግር መሰለኝና ፈትቼ ጠራረግኩት። ማሽኑ ደህና ነው። ኢንተርኔቱም ደህና ነው። ለጋሽ ሸረፋ ደወልኩ፤ ባለቤታቸው አንስተው "የለም፣ ደረጃው ላይ የስሚንቶ ከረጢት ያስቀመጠውን ሰውዬ ሊያናግር ወርዷል፤ አሁን አሁን ምንም ነገር አያሳድርም" አሉኝ። ለሮማን ደወልኩ፤ አላነሳችም። በኋላ "ሰው እየሠራሁ ነው፣ እደውላለሁ" የሚል መልእክት ላከችልኝ። የፎቋ ሴቶች ጸጉር ሊሠሩ ይመጡ ጀምረዋል ለካ፤ አንዷን ሮማን በር ላይ ቆሻሻ ስለምታስቀምጥ ልትገሥጻት አንኳኩታ፣ ጸጉሯን ስታይ አዘነችላትና ሠራችላት።

በመጨረሻ ለእትዬ ጽጌ ደወልኩላቸው።

"እትዬ፣ ምነው ጠፉ? ዛሬም አይገቡም?"

"ዛሬ አይመቸኝም ዳዊቴ" አሉ፤ ትንፋሻቸው ቆረጥ ቆረጥ ይላል፤ ዕቃ የሚያነሱ የሚጥሉ ይመስላሉ። "ከላይኛው ፎቅ ያለችው ሴትዮ የታጠበ ልብሴ ላይ ውኃ ታንጠባጥብብኛለች። ወጥቼ ነገርኳት። እሷም ያሰበችውን አላስቀረችልኝም፤ ራዲዮሽ ያደነቁራል አለችኝ። ተጣላን። አሁን ሽማግሌ ልካብኛለች፤ ሊደርሱ ነው፣ ወንበሩን እያስተካከልኩ ነው።"

"አዝናለሁ እትዬ። ክፉ ሴት ናት?"

"ኧረ ምን በወጣት! ጨዋ ሴት ናት። አፏ ነው እንጂ። በል ደህና ዋል፣ በሩ ተንኳኳ።"

ስልኩን ዘጉት። ገነት ከጓዳ ብቅ ብላ "ምን ሆኑ እትዬ ጽጌ? ታመሙ እንዴ?" አለችኝ።

"አልታመሙም" አልኳት። "ጎረቤት አግኝተዋል።"